የሥነ ልቦና ባለሙያዋ «ምን ተሰማሽ?» ስትለኝ ያደረግኩትን ነገርኳት

ሰኔ_ሠላሳ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም እህቶቼ። እዚህ መወያያ ገጽ ላይ ለረጅም ጊዜ አነብ ነበር እንጂ ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ «ያሰብኩት ሁሉ ተሳክቶልኝ ለምን ደስ አይለኝም?» ብላ ጠይቃ ነበር። መልስ የሰጧት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጥያቄዋ ሳምንቱን ሙሉ አብሮኝ ዋለ። ስለዚህ የራሴን ልጻፍ።

39 ዓመቴ ነው። የፋይናንስ ኃላፊ ነኝ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ታናናሾቼን አስተምሬያለሁ፣ የእናቴን ቤት አሳድሻለሁ። ሰው ሲያስተዋውቀኝ «እሷ እኮ ወንድ ናት» ይላል። ይህን ቃል ለዓመታት እንደ ሽልማት ተቀብዬዋለሁ።

አባቴ ያረፈው ሰኔ 22 ቀን ነው። የበጀት መዝጊያ ሰሞን። ድንኳን አስተከልኩ። ለዕድሩ አስነገርኩ። ለወንድሜ ትኬት ቆርጬ ከውጭ አስመጣሁት። ለቀስተኛው የሚበላውን የሚጠጣውን አዘዝኩ። ሠልስቱ እንዳለፈ ቢሮ ገባሁ። ሰኔ 30 ሒሳቡ በሰዓቱ ተዘጋ። አላለቀስኩም። ሰዉ ሁሉ «ቻይ ናት» አለ።

ዓመት ሳይሞላ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይጫነኝ ጀመር። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ልቤ ይመታል። ኢሲጂ፣ የልብ ምት ምርመራ፣ ተነሣሁ። የልብ አልትራሳውንድ፣ ደም፣ ታይሮይድ፣ የቀረ የለም። ሁሉም ደህና። ሐኪሙ በትሕትና «ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ብትነጋገሪ ጥሩ ነው» አለኝ። ተቀየምኩት። እብድ ነሽ ያለኝ መሰለኝ። ወራት ፈጅቶብኝ ነው የሄድኩት።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ባለሙያዋ «አባትሽ ያረፉ ቀን ምን ተሰማሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። ድንኳኑን፣ ዕድሩን፣ የወንድሜን ትኬት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ይሄ ያደረግሽው ነው። እኔ የጠየቅኩሽ የተሰማሽን ነው» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልመጣም። በስብሰባ ላይ ለማንም መልስ የማላጣ ሰው፣ አንድ ቃል አጣሁ። በመጨረሻ «ደክሞኝ ነበር» አልኳት።

«ድካሙ የት ነው? ሰውነትሽ ላይ አሳዪኝ» አለች።

እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ከየት እንደመጣ ሳላውቅ «ባር ባር ይለኛል» አልኩ። አያቴ የምትለው ቃል ነው። ከልጅነቴ ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን አለቀስኩ። አባቴ ካረፈ አንድ ዓመት ከሰባት ወር አልፎት ነበር።

የቤት ሥራ ሰጠችኝ። ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ የተሰማኝን በአንድ ቃል እንድጽፍ። ሦስት ቃላት ግን አይፈቀዱም፦ «ደህና»፣ «ደከመኝ» እና «ቢዚ»። የመጀመሪያው ሳምንት ገጽ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በሁለተኛው «ደበረኝ» እና «ተናደድኩ» መጡ። ሁለት ወር ሲሞላ ደብተሬ ላይ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ከፋኝ፣ ቆጨኝ፣ ሰጋሁ፣ አፈርኩ፣ ናፈቀኝ የሚሉ ቃላት ነበሩ። አማርኛ ይህን ሁሉ ቃል ይዞ፣ እኔ በአንዱ «ደክሞኛል» ብቻ ስኖር ነበር።

አንድ ቃል ደግሞ በጣም ይደጋገማል። እልህ። ባለሙያዋ ከላይ እስከ ታች በእርሳስ አከበበችልኝና «ከማን ጋር ነው የተያያዝሽው?» አለችኝ። 10ኛ ክፍል እያለሁ አንድ ዘመዳችን አባቴን «ሴት ልጅ አስተምረህ የት ልትደርስ ነው?» ሲለው ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰምቻለሁ። ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል። እኔ ግን እስከ 38 ዓመቴ ስመልስለት ኖርኩ።

ቴራፒ የጀመራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የእናንተ የመጀመሪያ ቃል ምን ነበር?

እውነቱን_ልናገር | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:15

እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። ላስቀይምሽ ብዬ አይደለም። ግን እናቶቻችን ዘጠኝ ልጅ ያሳደጉት ያለ ቴራፒ ነው። ጦርነትም ረሃብም አልፈዋል። አሁን ሁሉ ነገር ተሟልቶ ስሜቴን ልረዳ ብሎ መክፈል ቅንጦት አይሆንም? ጓደኛ አለ፣ የንስሐ አባት አለ፣ ቤተሰብ አለ።

ጥቁር_ቡና | እሑድ፣ ከምሽቱ 4:02

ልጄ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ከምታወራላቸው እናቶች ወገን ነኝ ማለት ይቻላል። እናቴም ዘጠኝ ወልዳለች።

እናቴ ቡና ነበራት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሦስት ሰዓት ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጎረቤት ገብታ «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ትላለች። የዛሬዋ ልጅ ቡናዋን በወረቀት ኩባያ ይዛ መኪና ውስጥ ነው የምትጠጣው። ማን ፊቷን ያያል?

ደግሞ ሁሉም ነገር ቡና ላይ አይወራም ነበር። ይሉኝታ አለ። «ሆድ ይፍጀው» የሚባል ነገር አለ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጨጓራዬን እያለች ኖረች። ተልባ ጠጣች፣ ጠበል ተጠመቀች፣ በሽታው አልተገኘም። የሞተባትን ልጅ ስም ግን በአንደበቷ አንድ ቀን ጠርታ አልሰማኋትም። አሁን ሳስበው ጨጓራ ብቻ አልነበረም።

የንስሐ አባቴን እወዳቸዋለሁ። ኃጢአቴን ይሰማሉ፣ ይጸልዩልኛል። ሆዴ ባር ባር ማለቱ ግን ኃጢአት አይደለም፤ ምን ብዬ እናዘዛለሁ? እኔ ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «ዕረፍት አገኘሽ» ሲለኝ ውስጤ ባዶ ሆኖ ስምንት ወር ሄጃለሁ ባለሙያ ጋር። ጸሎቴንም አልተውኩም። ሁለቱ አልተጣሉብኝም።

ሰኔ ሠላሳ፣ የኔ የመጀመሪያ ቃል «ቅናት» ነበር። በገዛ ልጄ ቀንቼ። በነጻነቷ። ያን ቃል ጮክ ብዬ ለማለት ስድስት ቀጠሮ ፈጅቶብኛል።

ተረኛዋ | ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8:30

ዲዩቲ ላይ ሆኜ ነው የማነበው። እማማ ጥቁር ቡና፣ መልስዎት አስለቀሰኝ።

ሕክምና ኢንተርን ነኝ፣ ሆስፒታል ውስጥ የምለማመድ ተማሪ። ማትሪክ ከክልላችን ከፍተኛ ውጤት ካመጡት አንዷ ነበርኩ። ሰው አሁንም ስሜን ከውጤቱ ጋር ነው የሚጠራው። ግን በየቀኑ ጠዋት ራውንድ ላይ፣ በሽተኞችን እየዞርን ስናይ፣ ሲኒየሩ ሐኪም ወደኔ ሲዞር «ዛሬ ሊታወቅብኝ ነው» እላለሁ። ምንም እንደማላውቅ፣ እዚህ የደረስኩት በስህተት እንደሆነ። መልሱን በትክክል ስመልስ እንኳን ደስ አይለኝም። «ዛሬም ተረፍኩ» ነው የምለው። ይሄ ስሜት ነው ወይስ እውነት? እንዴት ይለያል? ለጓደኞቼ ብነግራቸው «አንቺ ደግሞ!» ብለው ያልፉኛል።

ልቦና_ሠራተኛ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ መድኃኒትም አላዝም። የምጽፈው ምርመራ ሳይሆን በሥራዬ የማየው ነው።

መጀመሪያ ለተረኛዋ። የጻፍሽው ነገር ስም አለው፣ ኢምፖስተር ፌኖሜኖን ይባላል፣ የአስመሳይነት ስሜት እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከ150 በላይ ስኬታማ ሴቶችን ተከታትለው ጽፈውበታል። ሴቶቹ ዲግሪና ሽልማት፣ የባልደረቦች አድናቆትም ነበራቸው። በውስጣቸው ግን «ሰዎችን አታልያለሁ፣ አንድ ቀን ይደረስብኛል» ይሉ ነበር። በኋላ ወንዶችም ላይ እንደሚታይ ታወቀ። በሽታ አይደለም፣ በሕመም ዝርዝር ውስጥም የለም። ግን ያደክማል። ምክንያቱም ክብ ነው። ትፈሪያለሽ፤ ስለፈራሽ ከሌላው እጥፍ ትሠሪያለሽ፤ ይሳካል፤ ለአንድ ቀን ትተነፍሻለሽ። ከዚያ «የተሳካው ስለለፋሁ እንጂ ስለምችል አይደለም» ትያለሽ። ፍርሃቱ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ጥያቄሽ። «ምንም እንደማላውቅ ይሰማኛል» ስንል አማርኛው ራሱ ያሳስታል። «ይሰማኛል» ብለን የጨረስነው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ስሜት አይደለም፣ ሐሳብ ነው። ሐሳብ በማስረጃ ይፈተናል። ከሐሳቡ ሥር ያለው ፍርሃት ነው፣ ምናልባትም እፍረት። ስሜት ደግሞ በማስረጃ አይፈተንም። ይደመጣል እንጂ። ቴራፒ ውስጥ ብዙ ሰዓት የምናጠፋው እነዚህን ሁለቱን በመለየት ነው። በአሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጀመረው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ዋና ሥራው አስተሳሰቡ ላይ ነው። ሌሎች መንገዶች ደግሞ በቀጥታ ወደ ስሜቱ ይገባሉ።

ሰኔ ሠላሳ፣ ያንቺ ታሪክ በየሳምንቱ በሬን ያንኳኳል። ለስሜት ቃል ማጣትን ፒተር ሲፍኔዎስ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከግሪክኛ ቃል ሠርቶ ስም አውጥቶለታል፣ አሌክሲታይሚያ ይባላል። ከሚመጡልኝ ሴቶች አብዛኞቹ ግን እንዲህ ያለ እጦት የለባቸውም። ቃሉ አላቸው፤ ዘለው ማለፍን ተምረው ነው። ልጅ ሆነው ሲያለቅሱ «ጎበዝ ልጅ አታለቅስም» ተባሉ። 100 ሲያመጡ ተሳሙ። ስለዚህ ሥራ ስሜትን ማቆያ ሆነ። ሲከፋቸው ይሠራሉ፣ ሲፈሩ ይሠራሉ፣ ሲናፍቃቸውም ይሠራሉ። ሥራው ውጤት ስለሚያመጣ ማንም «ምን ሆነሽ?» አይላቸውም። የሚጠጣ ሰው ቢሆን ቤተሰብ ይሰበሰብ ነበር።

ያ የአንድ ቃል የቤት ሥራ ቀላል ይመስላል። ግን ለስሜት ስም መስጠት ራሱ ያረጋጋል። ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት ሰዎች ስሜት ያለበት ፊት እያዩ አንጎላቸው በምርመራ ማሽን ምስል ተነሥቷል። ያዩትን ስሜት በቃል ሲሰይሙ አሚግዳላ የተባለው፣ ሥጋት ሲኖር የሚነቃው ክፍል ጋብ ይላል። አያቶቻችን «ተናገሪው ይውጣልሽ» የሚሉት ለዚህ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ድካም የስሜት ችግር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የሕመሞች ምደባ የሥራ መሰላቸትን፣ በርንአውት የሚባለውን፣ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስቀምጦታል። ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ፣ «የምሠራው ፋይዳ የለውም» ማለት። ሥራው ራሱ ከሰው አቅም በላይ ከሆነ፣ ተረኛዋ ይህን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል፣ ቴራፒ ብቻ አይፈታውም። ሥራውም መለወጥ አለበት። ሴቷ ስሜቷን እንድትረዳ እያደረጉ ሸክሙን እንዳለ መተው ልክ አይመስለኝም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ከጠፋ፣ ምንም ነገር ደስ ካላለ፣ ሞት ከታሰበ ደግሞ አማካሪ ጋር ብቻ አትቁሙ። የሥነ አእምሮ ሐኪም ያስፈልጋል። አማኑኤልም ጳውሎስም ሆስፒታል አለ። እዚያ መሄድ ሊያሳፍር አይገባም።

እውነቱን_ልናገር | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:00

ስለ ጨጓራው የተጻፈው ነክቶኛል። እናቴም እንደዚያው ናት። ቅንጦት ያልኩትን አንሥቻለሁ።

ከሜሪላንድ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:25

ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። 14 ዓመት ነርስ ነኝ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል። ኮቪድ ሲበርድ አሠሪዬ ለሠራተኛ በሚሰጠው የምክር አገልግሎት ጥቂት ነጻ ቀጠሮ አገኘሁ። ሴትየዋ ጥሩ ነበረች። እኔ ግን በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገር ነገርኳት፣ አንድም ጠብታ እንባ ሳይወጣኝ። ተረኛ ስቀይር ሪፖርት እንደምሰጠው ነበር። በሽተኛው እንዲህ ነበር፣ ይህ ተሰጠው፣ በዚህ ሰዓት አረፈ።

አራተኛው ቀን ላይ አቆመችኝና «በቋንቋሽ በዪው» አለችኝ። «አትሰሚኝም እኮ» አልኳት። «ለኔ አይደለም፣ ላንቺ ነው» አለች። ዝም ብዬ ቆየሁና «እማዬ ናፈቀችኝ» አልኩ። ሌላ ምንም አልወጣኝም፤ እንባዬ ብቻ። በእንግሊዝኛ እናቴ እንደምትናፍቀኝ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ! እንደዚያ ግን አይነካኝም ነበር።

ከዚያ አማርኛ የምትናገር ፈልጌ አገኘሁ። አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ፣ ባለሙያዋ እናንተ በምትኖሩበት ስቴት ፈቃድ ሊኖራት ይገባል። እኛ ጋር ብዙዎቹ በቪዲዮም ይሠራሉ። «ሐበሻ ጋር ብሄድ ወሬዬ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል» ብዬ በጣም ፈርቼ ነበር። የሕመምተኛን ምስጢር ማውጣት ሕግ መጣስ ነው፣ ፈቃዷን ልታጣ ትችላለች። ይህን የመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ጠየቅኳት። ቅር አላላትም፣ አስረዳችኝ። ሞት ለታሰባችሁ ወይም የአእምሮ ጭንቀት ለበረታባችሁ ደግሞ እዚህ አሜሪካ 988 መደወል ይቻላል፣ ሌሊትም ይሠራል።

ሰኔ ሠላሳ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ስሜት የሚመስለን ብዙ ነን እዚህ። እህቴ ስትደውል «እንዴት ነሽ?» ትለኛለች፣ እኔ «ላክሁልሽ» እላታለሁ።

የሁለት_ልጆች_አባት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ወንድ መጻፍ ይችላል? ባለቤቴ ኢንጂነር ናት። ሳይት ላይ ስትሠራ አይቻታለሁ፣ መቶ ሰው ታዛለች። ቤት ስትገባ ዝም ትላለች። «ምን ሆነሽ?» እላታለሁ። «ምንም።» ደግሜ እጠይቃለሁ፣ ትናደዳለች። የእኔ ጥፋት ይሁን የሷ ድካም አላውቅም። ምን ላድርግ?

ሰኔ_ሠላሳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የራሴን ልንገርህ። ባሌ «ምን ሆነሽ?» ሲለኝ ጥፋት የሠራሁ ነው የሚመስለኝ። ለምን እንደሆነ በቴራፒ ነው የገባኝ። እኛ ቤት «ምን ሆነሽ?» የሚባለው ፊት ስታጠቁሪ፣ አስተካክዪ ለማለት ነበር። ስለዚህ «ምንም» ብዬ ፊቴን አስተካክላለሁ።

አንድ ቀን አብረን ገባን ባለሙያዋ ጋር። አሁን «ዛሬ ምን ከበደሽ?» ይለኛል። መልስ ከሌለኝ አጠገቤ ቁጭ ይላል። መፍትሔ አይሰጥም። ይህ ለሱ በጣም ከባድ ነበር፣ ነገር ማስተካከል ይወዳል። እኔም «ገና አላወቅኩትም፣ ነገ እነግርሃለሁ» ማለት ተምሬያለሁ። ነግሬውም አውቃለሁ፣ ከሦስት ቀን በኋላ።

ቴራፒ ሁሉ ጥሩ ነው ብዬ እንዳላሳስታችሁ ደግሞ ይህን ልናገር። መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ሰው ጋር ነበር። ከሰዓቱ ግማሹን ስለ ራሱ አወራ። ቀጥሎ «ሥራሽን ቀንሺ፣ ቤትሽን ያዢ» አለኝ። ባሌ ምን እንደሚል ጠየቀኝ፣ እኔ ምን እንደምል ግን አልጠየቀኝም። ከዚያ ወጥቼ ሁለት ወር ዝም አልኩ። ልቦና ሠራተኛ፣ እባክዎ እንዴት እንደሚመረጥ ይንገሯቸው። እንደዚያ ያለ ሰው ጋር ቀርተው ይሆን ብዬ የማስባቸው ሴቶች አሉ።

ልቦና_ሠራተኛ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

ስለደረሰብሽ አዝናለሁ። ይህ በሙያችን ውስጥ አለ፣ መሸፋፈን አልፈልግም።

ትምህርቱንና የሥራ ፈቃዱን ጠይቁ። መጠየቅ ብልግና አይደለም። ምስጢር እንዴት እንደሚጠበቅ፣ በምን ሁኔታ ብቻ ሊወጣ እንደሚችል መጀመሪያውኑ ሊነገራችሁ ይገባል። ሥራሽን ተዪ፣ ባልሽን ፍቺ፣ አግቢ ብሎ የሚወስንላችሁ ሰው ስሜታችሁን እንድታውቁ እያገዘ አይደለም፣ የራሱን እየሰጣችሁ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ሄዳችሁ አሁንም እየተመረጠ የሚነገር፣ የሚደበቅ ነገር ከበዛ፣ ለባለሙያው ራሱ ንገሩት። ጥሩ ባለሙያ ይህን ሲሰማ አይከፋም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በተለይ ለጎበዝ ሴቶች። ቴራፒም ውስጥ ጎበዝ ተማሪ ይሆናሉ። የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ በሰዓቱ ይመጣሉ፣ ያመሰግናሉ። «ዛሬ የነገርከኝ ነገር አናዶኛል» ያለችኝን ደንበኛዬን በጣም አከብራታለሁ። በሕይወቷ ለሥልጣን ላለው ሰው እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር።

ጥቁር_ቡና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:40

ሰኔ ሠላሳ፣ አባትሽን ግን ተሰናበትሻቸው ልጄ?

ሰኔ_ሠላሳ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

ተሰናበትኩት እማማ። በስምንተኛው ወር ገደማ ባለሙያዋ ፊት ለፊቴ ባዶ ወንበር አስቀመጠችና «አባትሽ ቢቀመጡበት ምን ትያቸዋለሽ?» አለችኝ። አፍሬ ነበር። ከወንበር ጋር ማውራት። ከዚያ «አባዬ፣ ሒሳቡ በሰዓቱ ተዘግቷል» ብዬ ጀመርኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ቆይቼ «ይቅርታ፣ በአራተኛው ቀን ጥዬህ ቢሮ ገባሁ» አልኩ። ከዚያ የተናደድኩበትን ነገርኩት። ያን ዘመዳችንን መልስ ሳይሰጠው ዝም ማለቱን። በአባቴ ላይ ቂም እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ከቂሙ ሥር ደግሞ ናፍቆት ነበረ፣ ብዙ።

ዘንድሮ ሰኔ 22 ፈቃድ ወሰድኩ። በበጀት መዝጊያ ሳምንት፣ በ15 ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከእናቴ ጋር መቃብሩ ጋ ዋልን።

ተረኛዋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50

ቀጠሮ ያዝኩ። ዓርብ 10 ሰዓት፣ ከዲዩቲ ስወጣ። ደውዬ ስሜን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

ፍርሃት። ትንሽ እፍረት። ደግሞ የሆነ ሌላ ነገር አለ፣ ደረቴ አካባቢ፣ ቀለል ያለ። ስሙን ገና አላገኘሁትም።

ጥቁር_ቡና | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:05

አትቸኩዪ ልጄ። ዓርብ ማታ ግን እንዴት እንደዋልሽ ጻፊልኝ፣ ሳልተኛ እጠብቃለሁ።